በእርጥብ ጨርቅ የጠቀለልኩት በረዶ

አባቴና አጎቴ በአንድ ገበታ ዙሪያ ሲቀመጡ ያየ ሰው፣ ሁለቱን የሚያገናኛቸው ጋብቻ ብቻ መሆኑን ለመገመት አይቸገርም ነበር። አባቴ የጡብ ምድጃ ባለቤት ነበር፤ ትከሻው ሰፊ፣ መዳፉ እንደ ደረቀ ጭቃ የተሰነጣጠቀ፣ ቃል ከአፉ የሚወጣውም ተመዝኖ ነው። የእናቴ ታናሽ ወንድም የሆነው አጎቴ ደግሞ በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ፊልም የሚያሳይ፣ ቀጭን፣ ጣቶቹ እንደ ሕፃን ጣት የለሰለሱ ሰው ነበር፤ ወሬ ከጀመረ ሻዩ ቀዝቅዞ፣ ዳግመኛ ተሞቆ፣ ዳግመኛ እስኪቀዘቅዝ አያቆምም። አባቴ የእሳቱን ቀለም ብቻ አይቶ ጡቡ መብሰል አለመብሰሉን ይናገራል። አጎቴ በአንጻሩ ክብሪት የሚጭር ሰው ካየ ከመቀመጫው ይነሳል፤ ሥራው ሁሉ በቀላሉ ከሚቃጠል ነገር ጋር ስለሆነ እሳት አይወድም። ሰፈርተኛው አንዱን «ፍም»፣ ሌላውን «ብልጭታ» ብሎ ሰይሟቸው ነበር። እናቴም በመካከላቸው እየተቀመጠች፣ «እኔስ በፍምና በብልጭታ መካከል የተጣድኩ ድስት ነኝ» ትል ነበር።

ይዋደዱ ነበር ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ በጣም ይዋደዱ ነበር እላለሁ። ነገር ግን መዋደዳቸውን የሚገልጹት በመነቋቆር ነው።

«ዛሬስ ምን አቃጠልክ ጋሼ?» ይላል አጎቴ ከበር ሳይገባ።

«አንተ ለሰው የምታሳየውን ውሸት የሚያህል አላቃጠልኩም» ይላል አባቴ፣ ቀና ሳይል።

ያኔ ስምንት ዓመቴ ነበር። ዛሬ ሰባዎቹን አጋምሻለሁ፤ ጉልበቴ ደረጃ ባየ ቁጥር ያጉረመርማል፣ የጉዞ ሻንጣዬ ግን ገና ጡረታ አልወጣም። በዩኒቨርሲቲ የተማርኩትም፣ በየአገሩ ስዞር ያየሁትም ተደማምሮ፣ የምድራችንን መሞቅ መጀመሪያ የገባኝን ያህል አላስረዳኝም። መጀመሪያ የገባኝ ደግሞ ፈጽሞ በተሳሳተ መንገድ ነበር።

በዚያ ዓመት የቤታችን ትልቅ ወሬ ሁለተኛው ምድጃ ነበር። በኮረብታው ትከሻ ላይ፣ ጫካው በሚጀምርበት ቦታ ሊሠራ ታስቧል፤ እንጨቱ ከጎኑ ስለሚሆን ጋሪው ሩቅ መሄዱ ይቀራል። እናቴ የምታልመው ስለ ምድጃው አልነበረም፤ ምድጃው ሥራ ሲጀምር ስለሚከተለው አዲስ ክፍልና ስለ ክፍሉ መስኮት ነበር። የመስኮቱን ስፋት ሁለት ክንዶቿን ዘርግታ እያሳየች፣ «ይህን ያህል! ፀሐይ ጎንበስ ሳትል የምትገባበት!» ትለናለች። የነበረን ክፍል መስኮት የመጽሐፍ ሽፋን የሚያህል ስለነበር፣ እናቴ በቀትርም እንኳ በመርፌዋ ክር የምታስገባው በዳበሳ ነበር።

ፊልሙ የደረሰው በዚያው ሰሞን ነው። በቆርቆሮ ሣጥን የተቀመጡ ሦስት ትልልቅ ጥቅሎች፣ ከላያቸውም «ሦስት ተከታታይ ቅዳሜ ታይቶ ይመለስ» የሚል ደብዳቤ። አጎቴ ክዳኑን ከፍቶ እንደ ዳቦ ጋጋሪ አሸተታቸው።

«ሚጣ፣ ይህኛው ተዋናይ የለውም» አለኝ።

«ታዲያ ማን ነው የሚሠራው?»

«ማንም አይሠራውም። ዘጋቢ ፊልም ይባላል። የምታዪው ሁሉ እውነት ነው።»

የምታዪው ሁሉ እውነት ነው! ይህችን ቃል እንዳለች ዋጥኳት። እስከዚያ ቀን ድረስ በሸራው ላይ የሚሞቱት ሰዎች ሲበራ ተነስተው ቤታቸው እንደሚሄዱ አውቅ ነበር። እዚህ ግን የሚሞት ነገር ካለ፣ የምሩን ሊሞት ነው ማለት ነው።

ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መስኮቶቹ በወፋፍራም ብርድ ልብሶች ተጋረዱ። አዳራሹ የላብ፣ የወለል ሰምና የተላጠ ብርቱካን ሽታ ነበረው። እኔ እንደ ልማዴ ከማሳያዋ ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ በተገለበጠ ሣጥን ላይ ቆሜ በትንሿ ቀዳዳ አያለሁ። አዳራሹን ረግጦ የማያውቀው አባቴ ያን ቀን በአጎቴ ግብዣ መጥቶ፣ የጡብ ብናኝ የለበሰ ጫማውን ከወንበሩ ሥር ደብቆ፣ ከኋላ ረድፍ ተቀምጧል።

መብራቱ ጠፋ፤ ሸራው ነጣ። መጀመሪያ ፊልሙ ያልጀመረ መስሎኝ ነበር። ለካ ነጩ ነገር ራሱ በረዶ ነው! ከተራራ እስከ ተራራ የተኛ፣ እንደ ወንዝ የሚጠማዘዝ፣ ጫፉ ሰማያዊ የሆነ የበረዶ ግግር። የሱፍ ቆብ ያጠለቀ ሽማግሌ ተመራማሪ በረዶው ጫፍ ላይ ካለው ቋጥኝ ዘንድ ተንበርክኮ፣ በቀይ ቀለም መስመር ያሰምራል። ከዚያም ዓመት ያልፋል፤ ሽማግሌው ይመለሳል፤ በረዶው ግን ከመስመሩ ፈቀቅ ብሏል። ሌላ ቋጥኝ፣ ሌላ መስመር።

ሁለተኛው ጥቅል ላይ የጭስ ማውጫዎች መጡ። ረጃጅም፣ ጥቁር ጭስ የሚተፉ። ተራኪው ጭሱ ወደ ላይ ወጥቶ ምድርን እንደ ብርድ ልብስ እንደሚሸፍናት፣ ሙቀቱም መውጫ እንደሚያጣ ተናገረ። በመካከላቸው አንድ አጭር፣ ከጡብ የተሠራ፣ አናቱ ላይ የተሰነጠቀ የጭስ ማውጫ ታየ። የእኛን ቁርጥ!

«ፍም!» ብሎ ጮኸ ከፊት የተቀመጠው ፀጉር አስተካካይ፤ «እዚያም ድረስ አስፋፍተሃል እንዴ?»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅኩ፤ ዝና መስሎኝ ነበር። በቀዳዳዋ ሳይ አባቴ ቆቡን አንስቶ፣ ወንበሮቹን ላለማንኳኳት እየተጠነቀቀ ወጣ። ሙቀቱ ከብዶት ነው አልኩ በልቤ። አዎን፣ ሙቀት ነበር፤ ዓይነቱን ለማወቅ ግን ራሴ ሰው ፊት የተሳቀብኝ ቀን መድረስ ነበረበት።

ወዲያው ያ ጉድ ሆነ። በረዶው እንደገና ሸራውን ሞልቶ ሳለ ማሽኑ ተንቋቋና ምስሉ ቆመ። አንድ ቡናማ ነጥብ በበረዶው መካከል ታየ። ነጥቡ ሰፋ፤ ጠርዙ አረፋ ደፈቀ፤ በረዶው በዓይናችን ፊት ተሸነቆረ። የሚቃጠል ነገር ሸተተኝ። ተመልካቹ አፏጨ። አጎቴ ዘሎ መብራቱን አጠፋ፣ የተቃጠለውን በመቀስ ቆረጠ፣ በሙጫ ቀጠለ፣ እፍ እፍ አለበት፤ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ፊልሙ ቀጠለ።

እኔ ግን ያየሁትን አይቻለሁ። ፊልሙ ሲቀጥል በረዶው ከመስመሩ ይበልጥ ርቆ፣ ግማሽ ያህሉ የለም! ከጎኔ ያለው የማሽኑ መብራት ፊቴን ይለበልበኛል። ነገሩ ሁሉ ተገጣጠመልኝ፦ በረዶውን የሚያቀልጠው የአጎቴ መብራት ነው። ባሳየው ቁጥር ይቀንሳል። ሦስተኛው ጥቅል ሲዞር የቀረው ሲያልቅ ላለማየት ዓይኖቼን በሁለት እጄ ከድኜ ቆየሁ።

በማግስቱ እሑድ ጠዋት አጎቴ መጣ። እኔ ከበሩ ጀርባ ሆኜ ዳቦዬን እያላመጥኩ አዳምጣለሁ።

«አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት መሳቂያ አደረግከኝ» አለ አባቴ።

«ጋሼ፣ ፊልሙን እኔ አልሠራሁት። ማሽን ነው የማዞረው።»

«አስቀድመህ አላየኸውም?»

የአጎቴ ማንኪያ ከሻይ ብርጭቆው ውስጥ ተንኳኳ።

«አይቼዋለሁ» አለ። «ለዚህም ነው የጋበዝኩህ። ለሌላው ሁሉ የሚፈታ አፌ፣ ይህን ላንተ ለመናገር ተሳሰረ። ሁለተኛውን ምድጃ ከመጀመርህ በፊት እንድታይ ብዬ ነው። እስከ መጨረሻው ብትቆይ ኖሮ...»

«እናንተ!» አለች እናቴ፤ «ሻይ እየቀዘቀዘ ነው።»

«ያ ፊልም ዳግመኛ ከታየ» አለ አባቴ፣ «እግርህ እዚህ ቤት እንዳይደርስ።»

ደስታዬን አትጠይቁኝ! አባቴም ያውቃል ማለት ነው። እሱም ለበረዶው ነው የሚቆረቆረው። እንደ እኔ አባት ያለ አባት የት ይገኛል? ብዬ ዳቦዬን በኩራት ጨረስኩ።

ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ ወደ አዳራሹ ጎራ ብዬ፣ አጎቴ ወለሉን ሲጠርግ፣ ሦስተኛውን ጥቅል ከቆርቆሮ ሣጥኑ አወጣሁና ከደብተር ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። የቀረው በረዶ ያለው በእሱ ውስጥ ነውና። ቤት እንደደረስኩ በእናቴ አሮጌ ፎጣ ጠቀለልኩት፤ ፎጣውን በውኃ አረጠብኩት፤ ከጓሮ ባለው የውኃ በርሜል ሥር፣ ምድሩ ሁልጊዜ ቀዝቃዛ በሆነበት ጥግ ደበቅኩት። በየማለዳው ማንም ሳይነሳ እየሄድኩ ፎጣውን አረጥባለሁ። አንዳንዴም ጆሮዬን አስጠግቼ አዳምጣለሁ። ለፊልም ከእርጥበት የከፋ ጠላት እንደሌለው ዛሬ አውቃለሁ፤ ያኔ ግን በዓለም ላይ ከእኔ የተሻለ የበረዶ ጠባቂ አልነበረም።

ቅዳሜ ደረሰ። ሁለተኛው ጥቅል አልቆ ሸራው ነጭ ሆኖ ቀረ፤ ሰው ጠበቀ፣ አጉረመረመ፣ ተበተነ። አመሻሹ ላይ አጎቴ መጥቶ ከደጃችን ቆመ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቀልድ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይገባ።

«ጋሼ፣ ጥቅሉን መልስልኝ።»

«የምን ጥቅል?»

«የመንግሥት ንብረት ነው። የሚቀጥለው ቅዳሜ እንዳለፈ፣ ሰኞ ሦስቱንም አስረክባለሁ። አንዱ ከጎደለ ከሥራዬ እባረራለሁ። ሌላ የማውቀው ሥራ የለኝም።»

«በልጄ እምልልሃለሁ፣ አልነካሁም» አለ አባቴ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ይህ ነው ያስፈራኝ።

እናቴ ባሏን አየች፣ ወንድሟን አየች፣ ሁለቱንም ማመን አቅቷት ወደ ጓዳ ገባች። አጎቴ ተመልሶ ሄደ። እኔ አልጋዬ ላይ ሆኜ ነገሩን መዘንኩት፦ ባወጣው በረዶው ያልቃል፤ ባላወጣው አጎቴ ሥራውን፣ አባቴም ስሙን ያጣል፤ እናቴ ደግሞ ከሁለቱ አንዱን። በስምንት ዓመት ዕድሜ ይህን ያህል ነገር ለብቻ መሸከም ይከብዳል፤ ሌላው ቢቀር እራት አልበላ አለኝ።

በማግስቱ ወደ ምድጃው ወረድኩ። አባቴ ከማያ ቀዳዳው ላይ መዝጊያዋን ጡብ አንስቶ የእሳቱን ቀለም ያያል። ከኋላው ቆምኩ።

«አባዬ፣ እኔ ነኝ የወሰድኩት።»

ዞር አለ። «ምኑን?»

«በረዶውን። ሦስተኛውን። እንዳያልቅ ብዬ ደበቅኩት።»

«እንዴት ብሎ ያልቃል?»

«የአጎቴ መብራት ነዋ የሚያቀልጠው! አንተም ታውቃለህ አይደል? ዳግመኛ እንዳይታይ ያልከው ለዚህ አይደል?»

ከቀዳዳው የሚወጣው ብርሃን ግማሽ ፊቱን ብርቱካናማ አድርጎታል።

«የአጎትሽ መብራት በረዶ አያቀልጥም፣ ሚጣ» አለ ቀስ ብሎ።

«ታዲያ ማን ነው የሚያቀልጠው?»

አባቴ ወደ እሳቱ ዞረ። ጡቧን አንስቶ፣ ቀዳዳውን እንደሚተኛ ልጅ ዓይን በዝግታ ዘጋው። መልስ አልሰጠኝም። መልሱን ባያውቀው ነው ብዬ አዘንኩለት። ዛሬ ግን ያን ዝምታ ሳስታውስ፣ በሕይወቴ ከሰማኋቸው ንግግሮች ሁሉ ረጅሙ ይመስለኛል።

«ነይ፣ የደበቅሽበትን አሳዪኝ» አለኝ።

ፎጣውን ስንፈታው የፊልሙ ጥቅል እርስ በርሱ ተጣብቆ፣ ውኃ ያንጠባጥብ ነበር። አባቴ እንደ ታመመ ጫጩት በሁለት መዳፉ ይዞት፣ እኔን ከኋላው አስከትሎ ወደ አዳራሹ ገሰገሰ። አጎቴ በሩን ከፍቶ ጥቅሉን ሲያይ ፊቱ ነጣ።

«ሚጣ ናት። ለበረዶው አዝና ነው፤ በኋላ ትነግርሃለች። አሁን ምን ይሁን?» አለ አባቴ።

«ፀሐይ ላይ ቶሎ እንዘርጋው!»

«ፀሐይ ላይ? አብደሃል? ጥሬ ጡብ ፀሐይ ላይ የሚያደርቀው ጀማሪ ነው። ይሰነጠቃል።»

«ፊልም እኮ ነው ጋሼ፣ ጡብ አይደለም!»

«ያው ነው። ጥላ፣ ቀስ ያለ ነፋስ፣ ትዕግሥት።»

ያው ነበር። በጡብ ማድረቂያው መጠለያ፣ በተደረደሩት ጥሬ ጡቦች መካከል ገመድ ወጠሩ። አጎቴ ፊልሙን በንጹሕ ውኃ እያላቀቀ ይፈታል፣ አባቴ በእነዚያ ሻካራ ጣቶቹ ጠርዝ ጠርዙን ብቻ ይዞ በገመዱ ላይ ያንጠለጥላል። እኔ ጭራሽ እንዳልነካ ተከልክዬ፣ ዝንብ እንዳባርር ተፈቀደልኝ።

«ጠርጥሬህ ነበር ጋሼ» አለ አጎቴ፣ ከገመዱ ማዶ።

«እኔም ብሆን ራሴን እጠረጥር ነበር» አለ አባቴ። ትንሽ ቆይቶም አንዷን ምስል ወደ ብርሃኑ አነሳት። «ይህ ሰውዬ ቋጥኙን ምን ያደርገዋል?»

«ምልክት ይቀባበታል።»

«ለምን?»

«ሲደርቅ ታየዋለህ።»

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አጎቴ አዳራሹን ለሁለት ሰዎች ብቻ ከፈተ። አባቴ ከፊት ረድፍ ተቀመጠ፤ እኔ ክንዱን ሙጥኝ አልኩ። አሥራ ስድስት ቦታ የተቀጠለው ሦስተኛ ጥቅል እያነከሰ ዞረ። ሽማግሌው ተመራማሪ ከተራራው ወርዶ ወደ ገዛ ቤቱ ሲገባ፣ በግቢው የተከመረ ማገዶውን ቆሞ ሲያይ ይታያል። ከዚያም ወደ እኛ ዞሮ፣ «እኔ በረዶውን ሳይ ኖሬያለሁ። እናንተ ደግሞ ባላችሁበት አንድ ነገር ምረጡና ምልክት አድርጉበት። ተመልሳችሁም እዩት» አለ። በቃ። ሙዚቃም አልነበረውም።

«ድገመው» አለ አባቴ።

አጎቴ አጠንጥኖ ደገመው። እኔ በጭንቀት በረዶውን ከጠርዝ እስከ ጠርዝ አየሁት፤ አልቀነሰም። ሦስተኛ ጊዜ ሲደገምም ያው ነው፣ አንዲት ስንዝር አልጎደለም! በአጎቴ መብራት ላይ የነበረኝ ክስ በዚያች ሰዓት ወደቀ። በሃምሳ ዓመቴ ከእንደዚያ ያለ የበረዶ ግግር ፊት ቆሜ፣ ከእግሬ ሥር በተቀባ አሮጌ መስመርና በራቀው በረዶ መካከል ያለውን ባዶ ድንጋይ ሳይ፣ አስጎብኚው ለምን ፈገግ እንዳልኩ ጠየቀኝ። «አባቴን አግኝቼው ነው» ብዬ መለስኩለት፤ ግራ ገባው።

ቅዳሜ ፊልሙ ሙሉውን ታየ፤ ሰኞ ሦስቱም ጥቅሎች በሰላም ተመለሱ። አጎቴም እንደ ድሮው እየተነቋቆረ ወደ ቤታችን ገባ።

ከዚያ በኋላ አባቴ በየማለዳው ቀይ የተቀባ ጡብ ይዞ ኮረብታውን መውጣት ጀመረ። አንዳንድ ቀን እንጨት ከሚያመላልስልን ሽማግሌ ጋሪ ነጂ ጋር ቆመው ወዲያና ወዲህ እያመለከቱ ይከራከራሉ። «አይደለም ጌታዬ፣ ያን ዓመት እንጨት ጭኜ ስመለስ ቁርስ ገና አልቀረበም ነበር» ሲል ሰማሁት ነጂውን። እኔና እናቴ ተጠቃቀስን፦ የሁለተኛው ምድጃ መሠረት መጣል ጀመረ! እናቴ ለመስኮቷ የሚሆን የመጋረጃ ጨርቅ መቁረጥ ጀመረች።

እሑድ ከሰዓት በኋላ አባቴ ሁላችንንም ጠራን። አጎቴም መጣ። ወደ ኮረብታው የሚመራን መስሎን ነበር፤ እሱ ግን ከቤታችን ጓሮ፣ ከማድ ቤቱ ግድግዳ አጠገብ ቆመ። አንድ ቀይ ጡብ በመሬቱ ተቀብራ አናቷ ብቻ ይታያል።

«እኔና እናትሽ የተጋባን ዓመት ጫካው እዚህ ድረስ ነበር» አለኝ።

እናቴ ግንባሯን ያዘች። «ወፎቹ! ወፎቹ እኮ እንቅልፍ ይነሱን ነበር። መቼ ዝም እንዳሉ እንኳ ልብ አላልኩም።»

ቀጥሎ ያለችው ጡብ ምድጃው ሥራ የጀመረበት ዓመት ናት። ከዚያ ረጅም መንገድ ተጉዘን፣ እኔ የተወለድኩበት ዓመት። ከዚያ የበለጠ ረጅም፣ ትምህርት ቤት የገባሁበት። በጡቦቹ መካከል ያለው ርቀት በየጊዜው ይሰፋል፤ መሬቱም ባዶ፣ የተሰነጣጠቀ፣ እንደ አባቴ መዳፍ ያለ ነበር።

«ጋሼ» አለ አጎቴ እያለከለከ፣ «ይህ ፊልም እረፍት የለውም እንዴ?»

ማንም አልሳቀም። የመጨረሻዋ ጡብ በኮረብታው ትከሻ ላይ፣ ከመጀመሪያው የቆመ ዛፍ ሥር ነበረች፤ ሁለተኛው ምድጃ ሊሠራ ከታሰበበት ቦታ ላይ። እናቴ ከሁላችን በፊት ገባት። ክንዶቿን ሳትዘረጋ፣ በቀስታ፣ «መስኮቱስ?» አለች።

አባቴ ቆቡን አወለቀ። ይህን ያህል ሲናገር ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ሰምቼው አላውቅም።

«አዲሱ ክፍል ይቀራል። መስኮቱን ግን ባለን ግድግዳ ላይ እከፍትልሻለሁ፤ አንቺ በክንድሽ ያሳየሽውን ያህል፣ በዚህ ሳምንት። ሁለተኛው ምድጃ አይሠራም። የመጀመሪያውም በወር ሁለቴ ይነድ የነበረው አንድ ጊዜ ብቻ ይነድዳል፤ እንጨቱም ከዚህ ጡብ በላይ ካለው ጫካ አይቆረጥም፤ የወደቀው ደረቅ ብቻ ይለቀማል። ኑሯችን ይጠባል፤ አውቄ ነው የምናገረው። ክረምቱ ሲገባ ከዚህ ጀምረን ችግኝ እየተከልን ወደ ታች እንወርዳለን፤ እኔ ካልደረስኩ ሚጣ የማድ ቤቱ ግድግዳ ጋ ታደርሰዋለች። ጨርሻለሁ። በሉ እንግዲህ፣ ፍም እሳቱን ፈራ ብሎ መሳቅ የሚፈልግ አሁን ይሳቅ።»